ቀስትን የጣለው ጥይት ብቻ ነውን?

በቅርቡ አንድ ምሽት ከሲኒማ ቤት ወጥተን ሻይ ልንጠጣ በገባንበት ቤት፥ ሦስት ተማሪዎች በጎናችን ተቀምጠው ብርቱ ክርክር ይዘው ነበር። ክርክራቸውም የተነሣው በዚያው ምሽት ከታየው ፊልም ሲሆን፥ አንደኛው «ከዓለም ቀስተኛ ሁሉ የሚበልጠው የእንግሊዙ ነው» ሲል፥ ሁለተኛው «የለም፥ የሞንጎሉ ነው፤ ያውም በፈረስ ላይ ሆኖ» እያለ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ሦስተኛው ጓደኛቸው ግን እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፥ «ሁለታችሁም በከንቱ ትደክማላችሁ፤ ጠመንጃ ሲመጣ ሁሉም እኩል ከንቱ ሆነዋል» አላቸውና ሥቀው ሒሳባቸውን ከፍለው ሄዱ።

እኛ ግን ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ቆየን። ያ ወጣት በአንድ ዐረፍተ ነገር የዘጋው ጉዳይ ብዙ ሰው ሳይመረምር የሚቀበለው ሐሳብ ነውና። ይኸውም አሮጌ ነገር በአዲስ ነገር ፊት የሚወድቀው አዲሱ በሁሉ ረገድ ስለሚበልጠው ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ባለ ወጣት ዘንድ ብዙ ጉዳት አያደርስ ይሆናል። ነገ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተሹሞ ስለ ሰው ሙያና ስለ ሰው እንጀራ ውሳኔ በሚሰጥ ወጣት ራስ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የቀስትን ነገር አንሥተን ጥቂት ልንጫወት አሰብን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንናገር። በቋንቋችን «ቀስት» ስንል አንዳንዴ የሚለጠጠውን እንጨት፥ አንዳንዴም የሚወነጨፈውን ዘንግ ማለታችን ነው። «ቀስተ ደመና» ስንል በደመና ላይ የተቆለመመውን ነገር እናስባለን፤ መንገድ በሚያሳይ ምልክት ላይ «ቀስቱን ተከተል» ስንባል ግን የሚበረውን እናስባለን። ይህ መደባለቅ ክርክርን ያበላሻል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የተቆለመመውን እንጨት «ደጋን»፥ ገመዱን «አውታር»፥ የሚበረውን «ፍላጻ»፥ መሣሪያውን በጠቅላላው ደግሞ «ቀስት» እንለዋለን። ደጋን የሚለው ቃል እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ቢኖር፥ ጥጥ ሲነድፉ ያያቸውን እናቶች ይጠይቅ። ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ተከራካሪዎች እንመለስ። «የማን ቀስት ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተጣመመ ነው። ደጋን የሚጠርበው ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ በአገሬ ምን ዛፍ ይበቅላል? ዝናቡ ብዙ ነው ወይስ አየሩ ደረቅ ነው? የምወረውረው በእግሬ ቆሜ ነው ወይስ ፈረስ ላይ ተቀምጬ? የደጋኑ ቅርጽ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው።

የእንግሊዙን እንመልከት። የእንግሊዝ ደጋን ከአንድ እንጨት የተጠረበ፥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ረጅም ዘንግ ነው። እንጨቱ «ዩ» ከሚባለው ዛፍ ይገኛል። የዚህ ዛፍ ተአምር በግንዱ ውስጥ ሁለት ዓይነት እንጨት ጎን ለጎን መኖሩ ነው። ወደ ቅርፊቱ ያለው ነጩ እንጨት ሲለጠጥ አይበጠስም፤ ወደ ውስጥ ያለው ቀዩ እንጨት ሲጨመቅ አይደቅም። ጠራቢው ነጩን በደጋኑ ጀርባ፥ ቀዩን በደጋኑ ሆድ አድርጎ ሲጠርበው ተፈጥሮ ራሷ አጣብቃ ያዘጋጀችው ደጋን ይሆናል። ሙጫ ስለሌለበትም የእንግሊዝ ዝናብ አይፈታውም። ነገር ግን የእንግሊዞች መመኪያ የሆነው ይህ ደጋን በአብዛኛው የሚሠራው ከውጭ አገር በመጣ እንጨት ነበር ብንል ብዙ ሰው ይገርመው ይሆናል። የአገራቸው ዛፍ ጠማማና ጉጥ የበዛበት ስለ ነበር፥ በ1472 የወጣ ሕግ ከውጭ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ለእያንዳንዱ ቶን ጭነት አራት አራት የደጋን እንጨት አብሮ እንዲያመጣ ያስገድድ ነበር። ይህንን ያወጣ ሰው በእውነት ጽሕፈት ቤቱን የሚያውቅ ሹም ነው እንላለን፤ ግምጃ ቤቱን ሳይነካ የጦር መሣሪያ አስገባ።

ይህ ደጋን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለብዙ ዘመን በግምት ብቻ ሲነገር ኖሯል። ኋላ ግን በ1545 የሰጠመችው «ሜሪ ሮዝ» የምትባል የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የጦር መርከብ ተገኘችና ነገሩ ተገለጠ። ቀፎዋ ከባሕር የተነሣው በ1982 ሲሆን፥ ከእርስዋም 172 ደጋኖችና ከ3,500 የሚበልጡ ፍላጻዎች ወጥተዋል። ደጋኖቹን የመረመሩ ሰዎች ብዙዎቹን እስከ ጆሮ ለመሳብ ከ45 ኪሎ በላይ፥ አንዳንዶቹንም እስከ 80 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ያስፈልግ እንደ ነበር ገምተዋል። አንድ ኩንታል እህል ሊደርስ ጥቂት የቀረው ክብደት በሦስት ጣት ይሳብ ነበር ማለት ነው። ከመርከቢቱ ከወጡት አፅሞችም የአንዳንዶቹ የትከሻ አጥንት እንደ ሌላው ሰው ሳይገጥም የቀረ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሊቃውንቱ ይህ ከልጅነት ጀምሮ ከባድ ደጋን በመሳብ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህንን የአጥንት ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የቱርኩ መልስ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ፈረሰኛ ከቁመቱ የሚበልጥ ደጋን ይዞ ከኮርቻ ላይ በቀኝና በግራ ሊዞር አይችልም፤ ደጋኑ አጭር መሆን አለበት። አጭር እንጨት ደግሞ እስከ ጆሮ ሲሳብ ይሰበራል። ስለዚህ ከመካከለኛው እስያ ሜዳ የተነሡት ሕዝቦች፥ ከእነርሱም በኋላ ቱርኮች፥ ደጋናቸውን ከሦስት ነገር አዋሕደው ሠሩት። መሐሉ ቀጭን እንጨት ነው፤ በሆዱ በኩል የጎሽ ቀንድ ይለጠፍበታል፤ በጀርባው በኩል ተቀጥቅጦ እንደ ፈትል የተበተነ ጅማት በሙጫ ይነጠፍበታል። ቀንድ መጨመቅን ይችላል፤ ጅማት መለጠጥን ይችላል። በእንግሊዝ አገር ዛፉ በተፈጥሮው የሰጠውን፥ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ሰው በእጁ አዋሕዶ ፈጠረው ማለት ነው። ሙጫው እስኪደርቅ፥ ደጋኑም ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ እየተጠበቀ ስለሚሠራ አንዱን ደጋን ጨርሶ ለማውጣት አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አውታሩ ሲፈታ ደጋኑ ወደ ፊት ተጠቅልሎ እንደ ቀለበት ሊገጥም ይደርሳል፤ ያላወቀ ሰው ቢያየው በየትኛው ወገን እንደሚለጠጥ እንኳ ይጠፋዋል። ጠላቱ እርጥበት ነው። ይህንን ደጋን ወስዶ በእንግሊዝ ክረምት ለሦስት ወር የሚያዘምት ሰው የሚመለሰው የቀንድና የጅማት እሽግ ይዞ ነው።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? መልሱ የት ሆነን እንደ ጠየቅን ነው። ሩቅ በመላክ ረገድ ብቻ ከሆነ ቱርኩን የሚተካከለው አልተገኘም። መሐመድ ዳግማዊ ቁስጥንጥንያን በ1453 ከያዙ በኋላ ለቀስተኞች የተለየ ሜዳ ሰጡ፤ በዚያም ሜዳ ርቆ የወደቀ ፍላጻ ባረፈበት ስፍራ የድንጋይ ሐውልት ይተከል ነበር። ከ800 ሜትር በላይ የላኩ ሰዎች ተመዝግበዋል። በቀስተኞቹ ማኅበር በሙሉ አባልነት ለመመዝገብ የሚፈልግ ሰው 900 ገዝ፥ ማለት 594 ሜትር ያህል ርቀት በምስክር ፊት መላክ ነበረበት። ጀማሪው ግን ፍላጻ አይሰጠውም ነበር፤ አስቀድሞ ለብዙ ጊዜ ለስላሳ የመለማመጃ ደጋን እየሳበና እየመለሰ ክንዱን ያበጃል።

በ1790ዎቹ ዓመታት በለንደን የቱርክ መልእክተኛ ጸሐፊ የነበረው ማሕሙድ ኤፌንዲ፥ የእንግሊዝ ቀስተኞች ማኅበር አባሎች ባሉበት ከ440 ሜትር በላይ ፍላጻ ልኮ አስደነቃቸው። ያን ጊዜ የእንግሊዞቹ ቀስት መዝናኛ ሆኖ ስለ ነበር ከእርሱ ጋር የሚወዳደር አልተገኘም። እርሱ ግን በአገሩ ከእርሱ የሚበልጡ ብዙዎች እንዳሉ ተናገረ ይባላል። ሰውየው ወታደር አልነበረም፤ እንደ ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ብዕር ይዞ የሚውል የጽሕፈት ቤት ሰው ነበር። ይህንን በፈገግታ እናሳስባለን።

የአሳሳቡም ሥርዓት እንደ አገሩ ይለያያል። አውሮፓዊው አውታሩን በሌባ ጣቱና በሚከተሉት ጣቶች ይስባል፤ ፍላጻውም በደጋኑ ግራ በኩል ያርፋል። ቱርኩ፥ ሞንጎሉና ቻይናዊው ግን በአውራ ጣት ቆልፈው ይስባሉ፤ ፍላጻው በቀኝ በኩል ያርፋል፤ ጣቱም እንዳይቆረጥ ከቀንድ ወይም ከድንጋይ የተሠራ ቀለበት ያጠልቃሉ። ጃፓናዊውም በአውራ ጣት የሚስብ ሲሆን፥ በቀለበት ፈንታ የቆዳ ጓንት ያጠልቃል፤ ደጋኑም ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ሆኖ መያዣው በመሐል ሳይሆን ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህ ቅርጽ የቻይና ጸሐፊዎች በሦስተኛው መቶ ዓመት የጻፉለት ጥንታዊ ቅርጽ ነው። በ1686 ዋሳ ዳይሐቺሮ የተባለ ሰው በኪዮቶ ከተማ 120 ሜትር ርዝመት ባለው የቤተ መቅደስ ሰገነት ላይ ተቀምጦ በአንድ ቀንና ሌሊት 13,053 ፍላጻ ወረወረ፤ ከእነርሱም 8,133ቱ ጣሪያና ግድግዳ ሳይነኩ ዳር ደረሱ። በየደቂቃው ዘጠኝ ፍላጻ ያህል፥ ያውም ለ24 ሰዓት!

ከአገራችን ድንበር ወዲያ ያሉትንም ጎረቤቶቻችንን አንርሳ። የጥንት ግብፃውያን ኑብያን ሲጠሩ «የቀስት ምድር» ይሉት ነበር። ከ4,000 ዓመት በፊት ገደማ በሞተ በአንድ የግብፅ ሹም መቃብር ውስጥ ከእንጨት የተቀረጹ 40 የኑብያ ቀስተኞች በአራት ረድፍ ሲራመዱ ተገኝተዋል፤ ዛሬም በካይሮ ይታያሉ። ሄሮዶቶስ የጻፈውም ታሪክ የታወቀ ነው፤ የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሲስ ሰላዮችን በላከ ጊዜ የአገሩ ንጉሥ ትልቅ ደጋን ሰጥቶ፥ «ፋርሶች ይህንን እንደ እኛ በቀላሉ ሲለጥጡ ያን ጊዜ ይምጡብን» የሚል መልእክት ሰደደ ይላል። ግሪኮች ያንን አገር «ኢትዮጵያ» ብለው ስለ ጠሩት አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን ወሬውን ለእኛ ደጋ ሲያደርጉት እናያለን። በእውነቱ ግን ያ ስም በዚያ ስፍራ የሚያመለክተው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኩሽን ወገን ነው፤ የደጋው ሠራዊታችን የኖረው በጦርና በጋሻ ነው። የጎረቤትን ክብር ለጎረቤት መተው አያሳንሰንም። ከክርስቶስ ልደት በኋላም በ652 የዐረብ ሠራዊት ዶንጎላን በከበበ ጊዜ የኑብያ ቀስተኞች ዓይን እየመረጡ ስለ ወጉት፥ የዐረብ ጸሐፊዎች «የዓይን ብሌን ወጊዎች» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ነገሩም በድል ሳይሆን በውል አለቀ።

እስካሁን የተናገርነው የሁለቱን ተከራካሪዎች ጥያቄ ነው። አሁን ወደ ሦስተኛው ወጣት እንሂድ። ጠመንጃ ሲመጣ ቀስት ወዲያው ከንቱ ሆነን?

አልሆነም። ለብዙ መቶ ዓመታት ነፍጥ ቀርፋፋ፥ ዝናብ የሚያጠፋው፥ ዒላማውንም የሚስት መሣሪያ ነበር። ይህንን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1590 ሰር ጆን ስማይዝ የተባለ እንግሊዛዊ ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ ጽፎ ለቀስት ተሟገተ፤ ሌላው ወታደር ሀምፍሪ ባርዊክ ደግሞ ለነፍጥ ተሟግቶ መለሰለት። ከዚያም ወዲያ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ፥ በ1776 አሜሪካኖች ለነፃነታቸው በሚዋጉበት ጊዜ፥ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለአንድ ጄኔራል በጻፈው ደብዳቤ ቀስት ወደ ሠራዊቱ ቢመለስ መልካም መሆኑን አመለከተ። አንድ ጥይት አጉርሶ እስኪተኮስ ድረስ አራት ፍላጻ ይወረወራል፤ ጢስ የለውም፤ የወደቀውን ሰው ብቻ ሳይሆን ሲመጣ ያየውን ሁሉ ያስፈራል ሲል ምክንያቱን ቆጠረ። ፍራንክሊን ስለ መብረቅ የመረመረ ብልህ ሰው ነውና እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ምክሩን የፈጸመ አልተገኘም። ለምን? ደጋኑን መጥረብ ይቻል ነበር፤ ያንን ደጋን የሚስቡ ክንዶች ግን በአገሩ አልነበሩም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ነፍጠኛን በጥቂት ሳምንት ማሠልጠን ይቻላል። ቀስተኛን ግን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ማሳደግ ያስፈልጋል። ጳጳስ የነበሩት ሂው ላቲመር በ1549 በንጉሡ ፊት ሲሰብኩ፥ አባታቸው በልጅነታቸው እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ጉልበታቸው ልክ ደጋን እየገዙ፥ በክንድ ብቻ ሳይሆን በመላ አካል መሳብን እንዳስተማሯቸው ተናግረዋል። የሜሪ ሮዝን ሰዎች የትከሻ አጥንት የለወጠው ይህ ትምህርት ነው። እንግዲህ ነፍጥ ቀስትን የበለጠው በመግደል ችሎታ አስቀድሞ አይደለም፤ አሥር ዓመት የሚፈጀውን አስተዳደግ አላስፈላጊ በማድረጉ ነው። ቀስተኛው በጦር ሜዳ ከመሸነፉ በፊት በገዛ ቤቱ ተቋርጦ ነበር።

መንግሥት ይህንን ሳያይ ቀርቶ አይደለም። ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ በ1363 ሰው ሁሉ በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመድ፥ የእግር ኳስና የመሳሰለውን ጨዋታ ግን እንዲተው አዘዙ። በ1541 ሄንሪ ስምንተኛ ሕጉን አጠበቁት፤ አባት ከሰባት ዓመት በላይ ለሆነው ልጁ አንድ ደጋንና ሁለት ፍላጻ እንዲያዘጋጅ፥ ዕድሜው 24 የሞላ ሰውም ከ220 ያርድ፥ ማለት ከ200 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ዒላማ እንዳይመታ፥ ካርታና ቴኒስም ለተራው ሕዝብ እንዲከለከል ተደነገገ። ከዚያ በኋላ ግን ስልሳ ዓመት ሳይሞላ በ1595 የንግሥት ኤልሳቤጥ አማካሪዎች የክፍለ አገሩ ጦር ደጋኑን ትቶ ነፍጥ እንዲይዝ አዘዙ። ለወጣት ሹማምንት የምናሳየው ቁም ነገር ይህ ነው፤ አንድ ሕግ በየዘመኑ እየተደጋገመ፥ ቅጣቱም እየከበደ ሲወጣ ስታዩ፥ ሕዝቡ እንዳልተቀበለው ከዚያው ከሕጉ ወረቀት ታነባላችሁ። ልማድን አዋጅ አይወልደውም። እግር ኳሱ ዛሬም አለ፤ ደጋኑ ግን ከሙዚየም ገባ።

ይህን ስንል አሮጌው ሁሉ በግድ ይያዝ ማለታችን አይደለም። ቻይና ለዚህ ምስክር ናት። የጦር ሹመት የሚፈልግ ሰው በፈረስና በእግር ሆኖ ቀስት በመወርወር፥ ከባድ ደጋንም በመሳብ ይፈተን ነበር። ይህ ፈተና የተሻረው በ1901 ነው። ጠላት በመድፍ ወደብ ሲያፈርስ ባየው አገር፥ መኮንን በደጋን መመረጡ ስድሳ ዓመት ያህል ቀጥሎ ነበር ማለት ነው። ፈተናን ለሥራው ሳይሆን ለልማዱ ሲሉ መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንሻም።

ከዚህም የሚያሳዝን ሌላ ጉዳይ በጎረቤታችን በኬንያ ተፈጽሟል። በጻቮ አካባቢ የሚኖሩ ዋታ የሚባሉ፥ ቋንቋቸውም ከኦሮምኛ ወገን የሆነ አዳኞች አሉ። ዝሆን የሚጥሉበት ደጋናቸው በክብደቱ ከእንግሊዙ ደጋን ጋር የሚተካከል ነበር። የፍላጻቸውም መርዝ የሚቀመመው በእኛ ቋንቋ «ምርንዝ» ከምንለው ዛፍ ወገን ነው። የዚህ ዛፍ መርዝ ልብን የሚያቆም ሲሆን፥ የፈረንሳይ የቅመማ ሊቅ አርኖ በ1888 አጥርቶ ካወጣው በኋላ በጥቂቱ ተመጥኖ የልብ መድኃኒት እስከ መሆን ደርሷል፤ «ዋባይን» የሚለውም ስሙ ከሶማልኛ የተወሰደ ነው። በ1948 የጻቮ ምድር የዱር አራዊት ጥብቅ ቦታ ሆነ፤ በ1950ዎቹም ከነዚህ ቀስተኞች ብዙዎቹ እየተያዙ ወኅኒ ገቡ። ዝሆን መጠበቅ እንዳለበት እኛም እናምናለን፤ የጥርስ ንግድ ያደረሰውን ጥፋት የሚክድ የለም። ነገር ግን የአያቱን ሥራ የሚሠራ ሰው በአንድ ማለዳ ሌባ ተብሎ ሲነቃ፥ ሌላ እንጀራ ሳያሳዩት ማሰር የችኩል ሹም ሥራ ነው። ይህንኑ ያስተዋሉ ሰዎች በ1960 በጋላና ወንዝ አጠገብ ዋታዎች በፈቃድና በልክ እያደኑ የሚኖሩበትን ዕቅድ ጀምረው ነበር፤ ዕቅዱ ግን የታሰበለትን ሳይፈጽም ቀረ። ያ የመኖሪያ ሥራ መቅደም ሲገባው ከእስሩ በኋላ መጣ።

በአገራችንም በምዕራብ በኩል በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ቀስት ከወንድ እጅ የማይለይ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ወደዚያ ተሹሞ የሚሄድ ወጣት ደጋኑን ሲያይ «ኋላ ቀርነት» ብሎ በደብዳቤው ከመጻፉ በፊት፥ እንጨቱ ምን እንደሚባል፥ አውታሩ ከምን እንደሚከር፥ ልጁስ በስንት ዓመቱ እንደሚጀምር ቢጠይቅና በደብተሩ ቢያሰፍር ምን ይጎዳዋል? እኛ ደጋውን ከምንለው ምድር የመጣ የጽሕፈት ቤት ሰው ይህንን ሲያደርግ ያየነው ጥቂት ጊዜ ነው።

የመጻፍ ጥቅሙ ከቱርኮች ይታወቃል። ሱልጣን ማሕሙድ ዳግማዊ የጥንቱን የጃኒሳሪ ጦር በ1826 ያፈረሱ፥ ሠራዊታቸውን በአውሮፓ ሥርዓት ያደራጁ ንጉሥ ነበሩ። ሆኖም እርሳቸው ራሳቸው ቀስተኛ ስለ ነበሩ፥ ሙስጠፋ ካኒ የተባለውን ጸሐፊ የቀስትን ሙያ ሁሉ ከነአሠራሩ እንዲጽፍ አዘዙት። መጽሐፉ በ1847 ታተመ። ከዚያ በኋላ ጠራቢዎቹ አለቁ፤ ሜዳውም ዝም አለ። ነገር ግን መጽሐፉ በ1920ዎቹ በጀርመንኛ ተተርጉሞ፥ ከጀርመንኛውም ፖል ክሎፕስተግ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1934 ስለ ቱርክ ቀስት መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ በቱርክ ወጣቶች እንደገና ይወረውራሉ፤ በ2019ም ዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር መዘገበው። አዲሱን ጦር ያቋቋሙት እጆች አሮጌውን ሙያ አስጻፉ፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለም።

መጽሐፍ በሌለበትስ? በነሐሴ ወር 1911 በካሊፎርኒያ አንድ የተራበ ሰው ከዱር ወጥቶ በአንድ የከብት ማረጃ በረት ተገኘ። ያሂ የሚባሉት ወገኖቹ በነጮች እጅና በረሃብ አልቀው እርሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ስሙን ለባዕድ መናገር በሥርዓታቸው ስላልተፈቀደ በቋንቋው «ሰው» ማለት የሆነውን «ኢሺ»ን ስም ሰጡት። በሳንፍራንሲስኮ በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ሲኖር፥ ሳክስተን ፖፕ የተባለ የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ወዳጁ ሆነና እግሩ ሥር ተቀምጦ ቀስት ተማረ። ኢሺ ደጋኑን እኛ ጽድ ከምንለው ዛፍ ወገን ጠርቦ ጀርባውን በጅማት ያለብስ ነበር። ደጋን ሥራ ሲፈታ እንዲተኛ እንጂ እንዲቆም አይፈቅድም፤ ቆሞ የዋለ ደጋን ይደክመዋል፥ ያልበዋል ይል ነበር። ማንም እንዲሻገረው፥ ሕፃንም እንዲነካው አይወድም። ሐኪሙ ይህንን ሁሉ፥ ሣቅ የሚያመጣውንም ጭምር፥ ሳይንቅ ጽፎ በ1918 አሳተመ። ኢሺ ግን መጽሐፉን አላየም፤ በመጋቢት 1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞቶ ነበር። አስከሬኑ ሲቃጠል ወዳጆቹ ከደጋኖቹ አንዱን፥ አምስት ፍላጻ፥ አንድ ቅርጫት የለውዝ መሰል ፍሬ ዱቄትና ጥቂት ትምባሆ አብረው አኖሩለት።